የሚያድገው አውሬና የምትፈርሰው ከተማ
ስለ ግዙፍ አውሬዎች ፍልሚያ የቪዲዮ ጨዋታዎችና ስለ ሒሳቸው ከሰቆጣ አንጻር የቀረበ አስተያየት

ማናቸውም የኪነ ጥበብ ሥራ በሁለት ዓይን ይመረመራል። አንደኛው ዓይን ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሥራው ምን እንደሚል ይመለከታል። ቅርጽን ከይዘት ነጥሎ አንዱን ብቻ የሚመዝን ሒስ፣ ሚዛኑ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን፣ ግማሹን እህል ከመሬት ትቶ ግማሹን ብቻ እንደሚመዝን ነጋዴ ነው። ይህ አስተሳሰብ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለቴአትርና ለሥዕል ሃያሲያን አዲስ አይደለም። ዕድሜው ከሃምሳ ዓመት ብዙም ባልዘለለው በቪዲዮ ጨዋታ መስክ ግን የቅርጹ ዓይን ከይዘቱ ዓይን ቀድሞ በርትቷል። ለዚህም ግዙፍ አውሬዎች በከተማ መካከል የሚፋለሙባቸው ጨዋታዎችና የገጠማቸው ሒስ ጥሩ ማስረጃ ይሆናሉ።

ስለ እነዚህ ጨዋታዎች ከሰቆጣ ተነሥቶ መነጋገር ለአንዳንድ አንባቢ ከቦታው የራቀ ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም ለመነጋገር የሚያስገድዱ ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው በአገራችን ከተሞች ጌም ቤት የወጣቱ መዋያ ከሆነ መሰንበቱ ነው። በእነዚህ ቤቶች በብዛት የሚዘወተረው የእግር ኳስ ጨዋታ ቢሆንም፣ የፍልሚያ ጨዋታዎችም ተመልካችና ተጫዋች አላጡም። ወጣቱ በቀን ለሰዓታት የሚያየውን ምስል መምህሩና የባህል ሠራተኛው አላየሁም ሊሉ አይገባም። ሁለተኛው ምክንያት የሚመነጨው ከራሱ ከዋግ ሕዝብ ታሪክ ነው። ከሰቆጣ ደጋ እስከ ተከዜ ቆላ የሚኖረው ሕዝብ በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተጎዳ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደጁ ድረስ መጥቶ ከቀዬው ያፈናቀለው ሕዝብ ነው። «ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለው አነጋገር ለዚህ ሕዝብ የሕይወቱ ታሪክ ነው። የግዙፍ አውሬዎች ጨዋታ ፍልሚያውን ከዝሆኖቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ያሳያል። እኛም ጥያቄያችንን የምናቀርበው ከሣሩ በኩል ሆነን ነው።

የዘውጉ አመጣጥ

ይህ ዘውግ የተወለደው ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የተሠራው «ኪንግ ኮንግ» ግዙፍ ዝንጀሮን ኒው ዮርክ ውስጥ ካሳየ በኋላ፣ በኅዳር 1954 ጃፓን ውስጥ «ጎጂራ» የተሰኘው ፊልም ለሕዝብ ቀረበ፤ የቀረው ዓለም አውሬውን የሚያውቀው «ጎድዚላ» በሚለው ስም ነው። ፊልሙን ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ ሲሆን፣ የማታለያ ምስሎቹን የመራው ኤይጂ ትሱቡራያ ነበር። አውሬው በሥዕል ወይም በመኪና የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ሃሩኦ ናካጂማ የተባለ ተዋናይ ከባድ የጎማ ልብስ ለብሶ፣ በትንንሹ በተሠሩ ሕንፃዎች መካከል እየተራመደ የፈጠረው ነው።

ፊልሙ የተሠራበት ዘመን ሊዘነጋ አይገባም። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አሜሪካ በቢኪኒ ደሴት ባካሄደችው የሃይድሮጅን ቦምብ ሙከራ፣ «ላኪ ድራገን» የተባለች የጃፓን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሠራተኞች በመርዛማው አመድ ተጎድተው ነበር። የሂሮሺማና የናጋሳኪ ቁስልም ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ሆንዳ ካሜራውን ያቆመው በአውሬው እግር ሥር ነው። በእሳት መካከል ልጆቿን አቅፋ ሞትን የምትጠብቅ እናት፣ ቁስለኞች የሞሉት ሆስፒታል፣ ያን ኃይል እንዴት እንደሚያስቆም የሚጨነቅ ሳይንቲስት በፊልሙ ውስጥ አሉ። አውሬው የሚያስፈራው ታናናሾቹ ሰዎች ፊት ስላላቸው ነው።

የቪዲዮ ጨዋታው ዘውግ ከዚህ ፊልም የአውሬውን አካል ወረሰ፤ ዓይኑን ግን አልወረሰም። እ.ኤ.አ. በ1986 ባሊ ሚድዌይ ባወጣው «ሬምፔጅ» ተጫዋቹ ራሱ አውሬ ሆኖ ሕንፃ ላይ ይወጣል፤ ግድግዳውን በቡጢ ይደበድባል፤ በመስኮት የሚታዩትን ሰዎች እየበላ ጉልበቱን ያድሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 ኤስኤንኬ የተባለው የጃፓን ድርጅት ያቀረበው «ኪንግ ኦቭ ዘ ሞንስተርስ» ደግሞ ከተማውን የትግል ሜዳ አድርጎ አውሬን ከአውሬ አጋጠመ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፓይፕወርክስ የሠራው «ጎድዚላ፦ ዲስትሮይ ኦል ሞንስተርስ ሚሌ»፣ በ2003 የወጣው «ዋር ኦቭ ዘ ሞንስተርስ»፣ በ2007 የወጣው «ጎድዚላ፦ አንሊሽድ»፣ በ2014 በጃፓን ወጥቶ በተከታዩ ዓመት በሌሎች አገሮች የተሠራጨው «ጎድዚላ»፣ በመጨረሻም በ2022 ከማሌዢያ የመጣው «ጊጋባሽ» የዚሁ መሥመር ተከታዮች ናቸው።

ሃያሲያኑ ምን አሉ?

የጨዋታ ሃያሲያን ለእነዚህ ሥራዎች የሰጡት ፍርድ በጥቅሉ ሲታይ ብስለት የጎደለው አይደለም። የ2002ቱን «ጎድዚላ» አራት ሰዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው በቀላሉ የሚጫወቱት ሥራ በመሆኑ አመሰገኑት፤ ጥልቀት ስለ ጎደለው ግን ወቀሱት። «ዋር ኦቭ ዘ ሞንስተርስ» በበጎ ዓይን ታየ። ይህ ጨዋታ የ1950ዎቹን የአሜሪካ የአውሬ ፊልሞች መንፈስ በመከተል መግቢያውን ሳይቀር በመኪና ውስጥ ተቀምጠው በሚያዩት ሲኒማ ቤት አምሳል ያዘጋጀ ነው። ተጫዋቹ መኪና አንሥቶ ይወረውራል፤ የብረት ምሰሶ ነቅሎ እንደ ጦር ይሰብቃል፤ ሕንፃ በባላጋራው ላይ ይጥላል። አካባቢው የፍልሚያው ተካፋይ ሆኗልና ሃያሲያኑ ማመስገናቸው ተገቢ ነበር። በአንጻሩ የ2007ቱ ሥራ ከሃያ በላይ አውሬዎችን ቢሰበስብም፣ የእጅ እንቅስቃሴን በሚከተለው መቆጣጠሪያው አስቸጋሪነት ምክንያት ተወቀሰ።

ከሁሉ የከፋ ፍርድ የደረሰበት የ2014ቱ «ጎድዚላ» ነው። ከጃፓን ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ሃያሲያን አውሬው ሲራመድ ይንቀረፈፋል፣ ሲዞር ይዘገያል፣ ተልእኮዎቹም ያንኑ ደጋግመው የሚያሠሩ ናቸው ሲሉ ከግማሽ በታች ነጥብ ሰጡት። የፊልሞቹ ወዳጆች ግን በዚሁ ሥራ ተደሰቱ። የአውሬው ቆዳ፣ ጩኸቱ፣ አረማመዱ፣ የካሜራው አቀማመጥ ሳይቀር ፊልሞቹን በታማኝነት ይከተላል አሉ። አንዱ ወገን ጉድለት ያለውን ሌላው ወገን ምግባር አለው።

ይህ ክርክር ለኪነ ጥበብ ሠራተኛ ብዙ ትምህርት አለው። ግዝፈት ያለ ክብደት አይታመንም፤ ክብደት ደግሞ ፍጥነትን ይቀንሳል፤ የፍልሚያ ጨዋታ ግን ፈጣን ምላሽን ይጠይቃል። ቅራኔው በዘውጉ ውስጥ ያለ ነው። ትሱቡራያ ይህን ቅራኔ በፊልም የፈታው ትዕይንቱን በከፍተኛ የካሜራ ፍጥነት ቀርጾ በዝግታ በማሳየት ነው፤ ትንሹ የሕንፃ አምሳል ሲፈርስ እንደ ተራራ የሚከብደው ስለዚህ ነው። ተመልካቹ ግን ተቀምጦ የሚያይ እንጂ በጣቱ የሚያዝ አልነበረም። ጨዋታው ያንኑ ዝግታ ለተጫዋች እጅ ሲሰጠው፣ ግርማ የነበረው ነገር መታሰር ሆነ። ስለዚህ ሃያሲያኑም ወዳጆቹም እውነት ይዘዋል። የ2014ቱ ሥራ ስሕተት ዝግተኛ መሆኑ ብቻ አልነበረም። ዝግታው የሚያስገኘውን ግርማ የሚመሰክር ታናሽ ነገር በሜዳው ላይ አለማኖሩ ጭምር ነው። ተራራ ተራራነቱ የሚታወቀው ከሥሩ ባለች ጎጆ ነው።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ከዚህ ላይ ሒሱ የተወውን ግማሽ እህል እናገኛለን። በ2014ቱ «ጎድዚላ» ዋና ክፍል አውሬው ጨዋታውን ሲጀምር ቁመቱ 50 ሜትር ነው፤ ይህም የ1954ቱ ፊልም የሰጠው ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ሕንፃ ባፈረሰ፣ የኃይል ማመንጫ ባወደመ ቁጥር ያድጋል፤ ቁመቱ ከ100 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። የዕድገት መለኪያው ጥፋት ነው ማለት ነው። ሃያሲያኑ ይህን ሥርዓት ሲመረምሩ በአመዛኙ የጠየቁት አሰልቺ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ነበር። ያደገው በማን ኪሣራ ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከመድረኩ ጥግ ቀረ።

በሰቆጣ ዕድገት የሚለው ቃል የተለየ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኢትዮጵያ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የዚህችን ከተማ ስም ይዞ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል። መቀንጨር ማለት ሕፃን በሚገባው ልክ ሳያድግ መቅረት ነው፤ በሜትር ሳይሆን በሴንቲሜትር የሚለካ፣ በጤና ጣቢያ የሚመዘገብ ነገር ነው። ስሟ የሕፃናትን ማደግ ለማረጋገጥ ከተገባ ቃል ጋር በተሳሰረባት ከተማ ተቀምጦ፣ ከተማ በማፍረስ የሚያድግን አካል የሚመለከት ሰው ሌላ ጥያቄ ቢጠይቅ ሊያስደንቅ አይገባም። አውሬው የሚያድግበት እያንዳንዱ ሜትር የማን ጎተራ፣ የማን ጣሪያ ነበር?

ይህን ስንል ጨዋታን በስብከት ለመተካት አይደለም። «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ሕፃንም የጭቃ ቤት ሠርቶ ራሱ ያፈርሳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። «ሬምፔጅ» በሥዕሉም በሁኔታውም ቀልድ ነው፤ ተጫዋቹም ቀልድ መሆኑን ያውቃል። የማፍረስ ደስታ ራሱ የሰው ጠባይ ነው። ሆኖም ሕፃኑ የሚያፈርሰውን ቤት አስቀድሞ ራሱ ሠርቶታል፤ ጭቃውን አቡክቷል፤ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ያውቃል። በእነዚህ ጨዋታዎች ግን ከተማው ማንም ያልሠራው፣ ማንም የማይኖርበት ጌጥ ሆኖ ይቀርባል። የምንቃወመው መፍረሱን ሳይሆን ዋጋ ማጣቱን ነው። ዋጋ የሌለው ነገር ሲፈርስ ደግሞ የማፍረሱ ደስታ ራሱ ቶሎ ይነጥፋል። ሃያሲያኑ «ያንኑ ይደጋግማል» ሲሉ ያማረሩት መሰልቸት ከዚህ ጉድለት ጋር የሚገናኝ ይመስለናል። የይዘቱ ባዶነት በቅርጹ ላይ መሰልቸት ሆኖ ታየ። ሁለቱ ዓይኖች በአንድ ላይ ማየት ያለባቸውም ስለዚህ ነው።

ከቅርሳችን የሚገኝ ሚዛን

የአገራችን የሥዕልና የትረካ ቅርስ ለግዙፍ አውሬ እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ሄኖክ፣ ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ በደረሰን መጽሐፍ፣ ቁመታቸው 3,000 ክንድ የሆነ ረዓይት ይገኛሉ። መጽሐፉ ስለ እነርሱ አስቀድሞ የሚነግረን ስለ ጉልበታቸው ወይም ስለ ውጊያቸው አይደለም፤ የሰውን ልጅ የድካም ፍሬ በልተው መጨረሳቸውን፣ ሰውም እነርሱን መመገብ ሲያቅተው ወደ ሰው መዞራቸውን ነው። በዚሁ መጽሐፍ ብሔሞትና ሌዋታን የተባሉ ሁለት ታላላቅ አውሬዎች ሲነሡ፣ አንዱ ወደ ምድረ በዳ ሌላው ወደ ጥልቁ ባሕር መለየታቸው ይነገራል። የጨዋታው ዘውግ ሁለቱን በአንድ ከተማ ያጋጥማል፤ የጥንቱ ጽሑፍ ግን ይለያያቸዋል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ፣ ስሙን የያዘው ውቅር ሕንፃም በጎረቤት ላስታ ላሊበላ ይገኛል። በሥዕሉ ነጭ ፈረስ፣ ጦርና ከመሬት የተዘረረ ደራጎን እናያለን። በብዙዎቹ ሥዕሎች ላይ ግን ሌላም አለች፤ ለደራጎኑ የተሰጠችው የቤሩት ልጃገረድ በዛፍ ላይ ሆና ትታያለች። ሠዓሊው ቦታ ጠበበኝ ብሎ አልተዋትም። እርሷ ባትኖር ፍልሚያው የጉልበት ውድድር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

የንጉሥ አርዌ ትረካ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለጨዋታ ሠሪ የሚጠቅም ነው። ሕዝቡን እያስገበረ ይገዛ የነበረው ግዙፍ ዘንዶ የተገደለው በሌላ ግዙፍ ዘንዶ አይደለም። አጋቦስ የተባለው ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል አቅርቦለት፣ ዘንዶው በገዛ ሆዱ እንደ ሞተ ይተረካል። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች በሸራ ላይ የሚያሳዩት የታወቁ ሥዕሎች፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የሚሠሩት፣ የሚጀምሩት ከዚህ ከአርዌ ታሪክ ነው። በመጀመሪያ ሕዝቡ ሲገብር፣ ቀጥሎ ብልሃቱ ሲዘጋጅ፣ ከዚያም ዘንዶው ሲወድቅ በተራ በተራ ይታያል። ታናሹ ታላቁን የሚያሸንፈው የታላቁን ስስት በማወቁ ነው። የአበርገሌን ፍየል የሚያረባ የዋግ እረኛ ይህን ትረካ ሲሰማ የፍየሉ ሚና ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ለድሀ ቤት ፍየል መስጠት ቀላል መሥዋዕት አይደለምና።

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ሚዛን ይወጣል። አውሬው በታየበት ሁሉ አውሬው የሚበላው ሰው አብሮ መታየት አለበት። ይህ የሥነ ምግባር ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የጥበብ ጥያቄ ነው፤ የ1954ቱ «ጎጂራ» እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠውም ይህንኑ ሚዛን ስለ ጠበቀ ነው።

ለመምህራን፣ ለከያንያንና ለባህል ኃላፊዎች

ወደ ተግባር ስንመለስ፣ ጌም ቤቶችን በመዝጋት የሚገኝ ጥቅም አይታየንም። የተዘጋ በር የወጣቱን ዓይን አይዘጋም። መምህሩ ከዚህ ይልቅ ጥያቄ ያስተምር። ይህን ከተማ ማን ሠራው? ማን ይኖርበታል? ነጥብ የሚሰጠው ለምን ዓይነት ድርጊት ነው? ብትሸነፍ የሚጎዳው ማን ነው? አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዞ አንድ ጨዋታ ቢመረምር፣ የሥነ ጽሑፍ ሒስን መሠረት በራሱ እጅ ይጨብጣል። የሰቆጣና የአካባቢዋ መምህራን ደግሞ ተጨማሪ ሀብት አላቸው። በኽምጥኛ የሚነገሩት የአዛውንት ተረቶች በራሱ በቋንቋው ተመዝግበው ቢቀመጡ፣ ነገ ለሚነሣው የጨዋታ ደራሲ ከየትኛውም የውጭ ፊልም የተሻለ ምንጭ ይሆናሉ።

ለከያንያኑ የምንሰነዝረው ሐሳብ ከሕልም የመነጨ አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለተንቀሳቃሽ ስልክ ያቀረበው «ኩኩሉ» ሊያርዳት ከሚያሳድዳት ገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ጨዋታ ነው። ከዶሮዋ ዓይን ሲታይ ገበሬው ራሱ ግዙፍ አውሬ ነው፤ ተጫዋቹም የሚቆመው ከታናሺቱ ወገን ነው። ጨዋታው ቀላልና አስቂኝ ቢሆንም አቋሙ የአገራችንን ትረካ ባሕርይ የተከተለ ነው። የማሌዢያው «ጊጋባሽ» ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ፓሽን ሪፐብሊክ የተባለው ድርጅት በራሱ ምናብ የፈጠራቸውን አውሬዎች ይዞ ተነሣ፤ ሃያሲያንም በአመዛኙ በጎ አቀባበል አደረጉለት፤ በዚያው በ2022 መጨረሻ ጎድዚላ ራሱ ከነተቀናቃኞቹ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ገባ። የሌላውን አውሬ ከመቅዳት የራስን መፍጠር እንደሚቀድም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ አርዌን የሚያሳይ ጨዋታ ቢሠራ እንዴት ይሆናል? ተጫዋቹ ዘንዶውን አይሆንም፤ ዘንዶውን የሚያህል ሌላ ጭራቅም አይሆንም። አንድ መንደር ይሰጠዋል። ዘንዶው በየወቅቱ ግብሩን ሊቀበል ይመጣል፤ የተሰጠውን በበላ ቁጥር ያድጋል፤ መንደሩ ግን ይቀንሳል። ተጫዋቹ የሚሰጠውን እየቆጠበ፣ የሚደብቀውን እየደበቀ፣ የዘንዶውን ጠባይ እያጠና፣ ያቺን የመጨረሻ ፍየል መቼ እንደሚያቀርብ ይወስናል። ያኔ የአውሬው ዝግታ ጉድለት መሆኑ ይቀርና የፍርሃት ምንጭ ይሆናል፤ ዝግ ብሎ የሚመጣ ነገር ቆጠራን ይፈቅዳልና። ግዝፈቱም ከጎጆዎቹ ጋር ስለሚተያይ ክብደት ያገኛል። ሃያሲያን ለአርባ ዓመት ገደማ ሲያነሡት የቆዩት የቅርጽ ቅራኔ በይዘቱ ለውጥ መፍትሔ ሊያገኝ ይችላል።

ለባህል ኃላፊዎች የሚቀረው ሥራ እንዲህ ያለው ሙከራ በሥዕል፣ በቴአትርና በሥነ ጽሑፍ ሠራተኞች መካከል መነጋገሪያ እንዲሆን መድረክ መስጠት ነው። በየዞኑ በሚካሄደው የኪነ ጥበብ ውድድር ግጥምና ድራማ ቦታ እንዳላቸው ሁሉ፣ የጨዋታ ንድፍም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ንድፍ ለመሥራት ወረቀትና እርሳስ ለጅምር ይበቃል። ገበጣን በመሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጫወት ሕዝብ ሕግና ብልሃት ያለው ጨዋታ ለመፍጠር መሣሪያ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም።

ሒሱም ከዚሁ ጋር አብሮ ማደግ አለበት። መቆጣጠሪያው ይታዘዛል ወይ፣ ምስሉ ይጠራል ወይ፣ ተልእኮው ይሰለቻል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች አስፈላጊ ናቸው፤ ሥራውን በጥንቃቄ ያልሠራ ከያኒ በመልካም ሐሳቡ ብቻ ሊመሰገን አይገባውም። ነገር ግን ሃያሲው እነዚህን ጠይቆ ሲጨርስ ብዕሩን አያስቀምጥ። ዝሆኖቹ እንዴት እንደ ተራገጡ ከጻፈ በኋላ፣ ከእግራቸው ሥር የነበረው ሣር ምን እንደ ሆነም ይጻፍ።